ወለተ ጴጥሮስን ይዤ ካቶሊክ ግቢ

«ካቶሊክ ነሽ እንዴ?»

የት እንደተማርኩ ስናገር የሚከተለው ጥያቄ ይሄ ነው። አይደለሁም። ተዋሕዶ ነኝ። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ክርስትና የተነሳሁትም እዚያው ጊዮርጊስ። «ታዲያ ምን ልትሠሪ እዚያ ገባሽ?» ይቀጥላል። ሰሞኑን ደግሞ አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ልጆች በውስጥ መስመር ይሄንኑ እየጠየቁኝ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ያስገባኝ ፍርሃት ነው። የእናቴ ፍርሃት። እኔ ማትሪክ ስወስድ ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር፣ ሌላውም አቅጣጫ ቢሆን መንገዱ የሚያስተማምን አልነበረም፣ ምደባው ደግሞ የት እንደሚጥልሽ አታውቂም። እናቴ «እዚሁ አጠገቤ ትማሪያለሽ፣ ክፍያውን እኔ አውቃለሁ» አለች። ከዚያ አንድ ዘመዳችን ስለዚህ ትንሽ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነገራት። ሶሻል ወርክ ያስተምራል፣ ተማሪው አይበዛም፣ ከቤታችን በአንድ ታክሲ ይደረሳል። ስሙን አልጠራውም፣ ወደታች ትንሽ ስለማማው።

«ካቶሊክ» የሚለውን ስትሰማ ግን እናቴ ቀዝቀዝ አለች። አጎቴማ ሱስንዮስን ከመቃብር አስነሳው። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ!» እያለ ቡናው ላይ ቀለደ። ቀልድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ቁም ነገር አለበት። ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአዋጅ አምጥቶ፣ አገሩ እርስ በርስ ተላልቆ፣ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ከለቀቀ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ቤት ግን ያለፈው ሳምንት ነገር ነው የሚመስለው።

እኔ በሌላ በኩል ዞርኩባት። «ናዝሬት ትምህርት ቤት ብታስገቢኝ ኖሮ ደስ አይልሽም ነበር?» አልኳት። ዝም። እውነቷን ነው፣ ምን ትበል? አዲስ አበባ ውስጥ ሴት ልጁን ናዝሬት፣ ወንዱን ቅዱስ ዮሴፍ ወይም ልደታ ካቴድራል ለማስገባት ያልተመኘ ወላጅ ብዙ የለም፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ትምህርት ቤታቸውና ክሊኒካቸው ግን የትም አለ። ልጅ ሲሆን ይፈለጋል፣ ትልቅ ሰው ሲሆን ይፈራል፣ ይሄን እስካሁን ማንም አላስረዳኝም።

ነገሩን የጨረሱት የንስሐ አባታችን ናቸው። «ትማር እንጂ፤ ቁርባናቸውን ካልተቀበለች ምን ችግር አለው» አሉ። እናቴ ማተቤን በአዲስ ቀየረችልኝ፣ ወፈር ባለ ጥቁር ክር። ከሩቅ እንዲታይ መሰለኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ስለ ደግነታቸው ቅር የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። እንዲያውም ያስቸገረኝ ደግነቱ ነው። ሁሉም ፈገግ ይላል። ሁሉም «ለመድሽ?» ይላል። ማተቤን አይቶ ፊቱን ያጠቆረ የለም፤ ሒጃብ የምትለብስ የክፍሌ ልጅ ነበረች፣ እሷንም ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ግን እኛ አገር እንግዳ እንዴት እንደሚያዝ ታውቁ የለ? ጥሩው ወንበር ይለቀቅለታል፣ ብላ ጠጣ ይባላል፣ «ሲኒ ላጥብ» ካለ ግን በመድኃኔዓለም ተብሎ ይገዘታል። እኔም እዚያ ግቢ እንደዚያ ነበርኩ። በጣም የተከበርኩ፣ ምንም የማያስነኩኝ።

የዓመቱ መክፈቻ ቅዳሴ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ከፊልም ያየሁትን ዓይነት ነገር ነው የጠበቅኩት፣ ኦርጋን፣ ላቲን፣ ረጅም ሻማ። ካህኑ በግእዝ ጀመሩ። ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲል አፌ ቀድሞኝ አብሮ አለ። ለካ የግእዝ ሥርዓት የሚባለውን የሚከተሉት ካቶሊኮች የሚቀድሱት እኛው የምናውቀውን ቅዳሴ ነው፤ የአዲስ አበባ፣ የአዲግራት፣ የእምድብር እና የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከቶች በዚህ ይሄዳሉ፣ እነ ሆሳዕና፣ ሶዶና ሐዋሳ ደግሞ በላቲን ሥርዓት። (የላቲን ሥርዓት ማለት በላቲን ቋንቋ ይቀድሳሉ ማለት አይደለም፣ ይሄንንም ዘግይቼ ነው ያወቅኩት።) ግን ደግሞ ሰዉ ጫማውን አላወለቀም፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ መሃል ላይ የፖፑ ስም ይጠራል። ግማሹ ቤቴ፣ ግማሹ የሰው ቤት። ጭራሽ ባዕድ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ምክንያቱም ባዕድ ነገር ላይ የት እንደምትቆሚ ታውቂያለሽ፣ እዚህ ግን ዜማው ይጠራሻል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ደግሞ «አንቺ እዚያው ቁሚ» ይልሻል።

ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ነው። የጋራ ኮርሶችን የምንማረው ለቅስና ከሚዘጋጁት የዘርዓ ክህነት ተማሪዎች («ብራዘር» ነው የምንላቸው) እና ከሲስተሮች፣ ማለትም ከሴት መነኮሳቱ፣ ጋር ነበር። ክሪቲካል ቲንኪንግ ላይ ብራዘሮቹ አይቻሉም። ፍልስፍና ቀመስ ናቸው፣ ክርክር ሲነሳ ዓይናቸው ይበራል። እኛ ሴቶቹ ማስታወሻ እንይዛለን። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት እጅ የሚያወጣው መልሱን የሚያውቅ ነው። እነሱ ግን መልሱን ሳያውቁም እጃቸውን ያወጣሉ፣ እየተናገሩ ነው የሚያገኙት፣ ካላገኙትም ምንም አይመስላቸውም።

ከሲስተሮቹ አንዷ ከጎኔ ትቀመጥ ነበር። ከሆሳዕና አካባቢ ነው የመጣችው፣ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ከመምጣቷ በፊት የገጠር ክሊኒክ ውስጥ ሠርታለች፣ የማኅበራቸውን ፒክአፕ እንደ ወያላ ልጅ ትነዳለች። አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋዋ ነው። ቃል ሲጠፋት ቆም ትላለች፣ ትፈልገዋለች፣ ካጣችውም ዙሪያውን ዞራ ትናገረዋለች እንጂ አትተወውም። እኔ አፌን በፈታሁበት ቋንቋ ዝም ብዬ፣ እሷ በሦስተኛ ቋንቋዋ ትከራከራለች። አንድ ቀን ስንወጣ ያዘችኝ። «ሐሳብሽን ለእኔ በሹክሹክታ የምትነግሪኝ፣ ማርክ የምሰጠው እኔ ነኝ?»

የዚያን ሳምንት እጄን አወጣሁ። ከሁሉም ጥያቄ መርጬ ያወጣሁት ደግሞ «ሴት ለምን ቄስ አትሆንም?» የሚል ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ሁለት ብራዘሮች ጎሮሯቸውን ጠረጉ። የሚያስተምሩን አባ ግን አልተቆጡም። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1994 ቤተ ክርስቲያን ለሴት ክህነት ለመስጠት ሥልጣን የላትም ብለው እንደጻፉ ነገሩኝ፣ ምክንያቱን ከክርስቶስና ከሐዋርያት ጀምረው አብራሩልኝ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «አሳመንኩሽ?» አሉኝ።

«አላሳመኑኝም አባ።»

«እንግዲያው አንብቢና ተመልሰሽ ነይ።»

በቃ ይኸው ነው። የሰው ቤት ገብተሽ እንደዚህ ተናግረሽ «አንብቢና ነይ» መባል ምን ያህል እንደሚያስደስት አላውቅ ነበር። ቢለማመጡኝ አልወደውም ነበር፤ እውነት ነው ልጄ ምናምን ብለው ቢያልፉኝ እንግድነቴ ይቀጥል ነበር።

ሲስተርም ከእኔ ጋር አልተስማማችም። ውጪ ስንወጣ «ቄስ ካልሆንኩ ምንም አይደለሁም ማለትሽ ነው?» ብላ ጀመረችኝ። ካተሪና ዘሲየናንና ተሬዛ ዘአቪላን ጠቀሰችልኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ተብለው ታውጀዋል አለች። መቼ? እ.ኤ.አ. በ1970። እነሱ ናቸው የመጀመሪያዎቹ ሴቶች። «ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው የታወሱት?» አልኳት። ሳቀች፣ ግን አልተሸነፈችም፣ በ1997 ተሬዝ ዘሊዚዩ፣ በ2012 ሒልደጋርድ ብላ ጨመረችበት። እስካሁን አልተስማማንም። ስለ ወንዶች ብቻ የሆነ ጉባኤ ሳስብ ይከነክነኛል፣ የእኔም ቤተ ክርስቲያን በዚህ የተሻለች አይደለችም። ያም ሆኖ ክሊኒክ የሚያስተዳድሩ፣ በጀት የሚያዘጋጁ፣ መኪና ሲበላሽ ኮፈኑን ከፍተው የሚያዩ ሴቶችን በየቀኑ ያየሁት እዚያ ነው። ባል የሌላቸው፣ ማንም «መቼ ነው የምታገቢው» የማይላቸው ትልልቅ ሴቶች። ለእኔ ዓይነቷ የሰፈር ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ማርች 8 ደረሰ። ሲስተር አልለመነችኝም። «አንቺ ታቀርቢያለሽ፣ ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንዲት ሴት መሪ ምረጪ» ብላ ሄደች። እኔም መረጥኩ። ወለተ ጴጥሮስን።

ለማታውቋት፦ ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 የተወለደች የመሳፍንት ልጅ ናት። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የሱስንዮስ ባለሟል ነበር። የወለደቻቸው ልጆች በጨቅላነታቸው ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ሲያዘነብል ባሏ ከንጉሡ ጋር ቆመ፤ ገድሏ እንደሚለው ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ስምዖን በጦርነቱ ሲገደሉ ልብሳቸው በምርኮ እጁ ገባ። ያንን ስታውቅ ትታው ሄደች። ጸጉሯን ተላጨች፣ መነኮሰች፣ ከመነኩሴ ጓደኛዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር ሆና በየቦታው እየዞረች የንጉሡን ሃይማኖት አትቀበሉ ብላ ሰበከች። ተከሰሰች፣ ንጉሡ ፊት ቀረበች፣ ተጋዘች። ፋሲል ከነገሠ በኋላም ጣና ዙሪያ ማኅበር እየመሠረተች መነኮሳትን፣ ወንዶቹንም ሴቶቹንም፣ አስተዳደረች። እ.ኤ.አ. በ1642 ነው ያረፈችው።

እንግዲህ ይህችን ሴት ነው ካቶሊክ ግቢ ውስጥ፣ አባቶችና ሲስተሮች የፊት ወንበር ላይ ተደርድረው፣ «የሴት መሪ» ብዬ ያቀረብኩት። ኢየሱሳውያን፣ ማለትም ያኔ ካቶሊክነትን ይሰብኩ የነበሩት ሚስዮናውያን፣ ከአገር እንዲወጡ የታገለች ሴት። እናቴ ብታየኝ በእልልታ ታቀልጠው ነበር።

አንብቤ ስጨርስ ተጨበጨበ፣ ለስለስ ያለ ጭብጨባ። ከዚያ ጥያቄ መጣ። አባ «ባሏን ትታ የሄደችው ለሃይማኖቷ ነው ወይስ ለራሷ? ማስረጃሽስ ምንድን ነው? ገድል እኮ የሚጽፈው የሚወዳት ሰው ነው» አሉኝ። ገድሏ ባረፈች በሠላሳ ዓመቷ በ1672 እንደተጻፈ፣ ጸሐፊው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ እንደሆነ፣ ከሚያውቋት ሰዎች እየጠየቀ እንደጻፈው ተናገርኩ። «ስለዚህ?» አሉ። እየተርበተበትኩ መለስኩ። ከኋላ አንድ ብራዘር ደግሞ ቱግ ብሎ ተነሳ። «ከዚያ ወዲህ የሞቱትስ? በ1638 ጎንደር ላይ የተሰቀሉት የካፑቺን ማኅበር መነኮሳት አጋታንጀሎና ካሲያንስ? አባ ገብረ ሚካኤልስ?» አለ። አንዳቸውንም አላውቃቸውም ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ናቸው፣ ካቶሊክ በመሆናቸው ታስረው ተንገላተው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው የሞቱት። እኛ ቤት ታሪኩ 1632 ላይ ያበቃል፣ እነሱ ቤት ከዚያ ይጀምራል ማለት ነው። ከዚያ ልጅ ጋር ካፌ ድረስ እየተጨቃጨቅን ሄድን። ሻይ ቀዘቀዘብን።

ያን ቀን አዳራሹ ሲበተን ሲስተር መጣችና «ንግግርሽ አልቋል፣ አሁን ወንበር ሰብስቢ» አለችኝ። ሰበሰብኩ። ከዚያ በኋላ «ለመድሽ?» ያለኝ ሰው የለም።

አባ ደግሞ የሆነ ሳምንት ላይ ጠርተው «ኢየሱሳውያን እኮ ተመልሰው መጥተዋል፣ ያንን አላነበብሽም» አሉኝ። አላነበብኩም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ኃይለ ሥላሴ የካናዳ ኢየሱሳውያንን ጠርተው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ሰጧቸው። በ1950 ደግሞ በሉሲየን ማት መሪነት አራት ኪሎ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው። የክህነት ልብሳቸውን ትተው፣ ሱፍና ከረባት አድርገው፣ ሃይማኖት ላይሰብኩ ተስማምተው ነው ያስተማሩት። ይሄን ለአጎቴ ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። እሱ ራሱ ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ነው እኮ!

አሁን ወደ ሐሜቱ። ግቢው ገነት አልነበረም። ኢንተርኔቱ አይረባም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጠባብ ነው፣ የካፌው ዋጋ ለእኛ አይቀመስም። ከሁሉ ያበሸቀኝ ግን የአለባበስ ስብሰባው ነው። «ሥርዓተ አለባበስ» ተብሎ ሴቶች ብቻ ተጠርተን ስለ ቀሚስ ርዝመት አንድ ሙሉ ከሰዓት ተሰበከልን፣ ወንዶቹ ሜዳ ላይ ኳስ እየተራገጡ። ከመሃላችን ጥቂቶች ሆነን ደብዳቤ ጻፍን። የሒጃቧ ልጅም ፈረመች፣ አንዲት ሲስተርም ፈረመች፣ ይሄ የመጨረሻው ቢሮውን ያስደነገጠው ይመስለኛል። በሚቀጥለው ዓመት ወንዶቹም ተጠሩ። ስብሰባው ራሱ ቢቀር ይሻል ነበር፣ ግን እሱም አንድ ነገር ነው።

መጋቢት 2016 ላይ ሰፈራችን ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያ እንዳለ ተነሳ። ብዙ አላወራበትም፣ የፒያሳ ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልሆናችሁም በየስልካችሁ አይታችሁታል። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ፣ እኛም ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ዕቃ የምናጓጉዝበት መኪና ዋጋው ጣሪያ ነክቶ እናቴ ስትጨነቅ ለሲስተር ነገርኳት፣ ለወሬ ያህል ነው የነገርኳት። በነጋታው ፒክአፑን እየነዳች፣ ሌላ ሲስተር ጎኗ አስቀምጣ መጣች። ቁምሳጥን አብረውን ተሸከሙ። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ኧረ እርስዎ አይሸከሙ!» ትል ነበር፣ በኋላ ግን «ሲስተር በዚያ በኩል ያዢው!» ማለት ጀመረች። አዲሱ ቤት ወለል ላይ ቡና ተፈላ። ሲሄዱ ሽሮና በርበሬ በፌስታል አሸክማ ሸኘቻቸው። ዛሬም ድረስ «ያቺ ሲስተር ደህና ናት?» ትለኛለች፣ ስለ ሱስንዮስ አንስታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ሕይወቴ አውቶቡስ ላይ ሆነ። የሁለት ሰዓቱ ክፍል እንዳያመልጠኝ ሳይነጋ ነው የምወጣው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነባለሁ፣ አመሻሽ ላይ ጥበቃው «አንቺ ልጅ አትሄጂም?» እስኪለኝ ቤተ መጻሕፍት እቀመጣለሁ። ጎረቤት የሚባል ነገር አልነበረኝም፣ አዲሱ ሕንፃ ላይ ማን ከማን በላይ እንደሚኖር አላውቅም፤ ስሜን ጠርቶ «ዛሬ ዘገየሽ» የሚለኝ ሰው ያለው ግቢው ውስጥ ብቻ ነበር።

ለተግባር ልምምድ ስድስት ኪሎ ማዘር ቴሬዛ ቤት ሄጄ ነበር። ደብተርና የቃለ መጠይቅ ቅጽ ይዤ ገባሁ። ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ የለበሰችው ሲስተር ቅጹን አየት አድርጋ ጓንት ሰጠችኝ። ሥራው ማጠብ፣ ማጉረስ፣ አንሶላ መቀየር ነው። ቅጹን ለመሙላት ጊዜ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፣ ያኔ ግን ሰዎቹ ሳልጠይቃቸው ያወሩኝ ነበር። ሶሻል ወርክ አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው የተመለሰው፤ መጻሕፍቶቻችን አብዛኞቹ የውጭ ናቸው፣ አንሶላው ግን የአገር ቤት ነው።

የመውጫ ፈተናው ደግሞ የሁላችንም ራስ ምታት ነበር። ከ2015 ጀምሮ ሃምሳ ከመቶ ካላመጣሽ ዲግሪ የለም። እኔ፣ ሲስተር፣ የሒጃቧ ልጅና ያ ቱግ የሚለው ብራዘር አንድ ላይ ነው ያጠናነው። እሱ ፈተናው ስለማይመለከተው አስጠኚ ሆኖ ነው የመጣው፣ ብዙውን ጊዜ ግን ከርዕስ ወጥቶ ይከራከር ነበር። ሦስታችንም አለፍን። ሲስተር ከእኔ በልጣ ነው ያለፈችው፣ ይሄን እንድጽፍ አጥብቃ ስለነገረችኝ ጽፌዋለሁ።

አሁን ለጠየቃችሁኝ ልጆች። ካቶሊክ ባትሆኑም ይቀበሏችኋል፣ ሃይማኖት ቀይሩ ያለኝ ሰው የለም። ወላጆቻችሁ ከሠጉ ግቢውን ይዛችኋቸው ሂዱና አሳዩአቸው፣ ከሲስተሮቹ ጋር ያውሩ። የምትማሩት ትምህርት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ያለው መሆኑን አረጋግጡ፣ ይሄ ለየትኛውም የግል ተቋም ነው፣ የመስቀል ምልክት በሩ ላይ ስላለ አትለፉት። አመሻሽ ላይ በሩ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋና ከዋናው መንገድ ድረስ መብራት እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። ክፍያው ደግሞ በሴሚስተር ነው ወይስ በክሬዲት ሰዓት ብላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ እኔ ኮርስ የጨመርኩበት ሴሚስተር ላይ እናቴ ዕቁቧን አስቀድማ ማውጣት ነበረባት።